ወለተ ኪዳንን አልለቅም ያለው ገጽ

ነገር ነገርን ሲጎትት፣ ጎታቹም ተመልሶ ሲጎተት ልንገራችሁ፤ እናንተ ብቻ ከመሃል አትነሡብኝ። ሰንሰለቱ ረጅም ነው፤ መነሻው ግን አንዲት ትንሽ ፍላጎት ናት። አንዲት እናት ከአንድ ገጽ ላይ አንድ ስም እንዲነሣላት ፈለገች። ወርቅ አልጠየቀችም፣ መሬት አልጠየቀችም፣ ሹመት አልጠየቀችም። ስሙን አንሡልኝ አለች፤ ይኸው ነው።

እናትየዋ ዘነቡ ትባላለች። ደጋ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ጌሾ ትነግዳለች። ያላት አንድ ልጅ ናት፤ ሰናይት። ሰናይት ይርጋ የሚባል ሾፌር አግብታ ነበር። ይርጋ በሰው ፊት ጭምት ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን እጁ አያርፍም። ሰናይት ቻለች፣ ቻለች፣ ጥርሷን ሲያወልቀው መቻሏ አለቀ። አንድ ማለዳ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ ስልኳን ለእናቷ ትታ፣ ሩቅ ወዳለ የቆላ ከተማ ወረደች። እዚያ አዲስ ቁጥር አወጣች፣ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች፣ አንዲት ክፍል ተከራየች። የት እንዳለች የሚያውቁት እናቷና አከራይዋ ብቻ ነበሩ። ይርጋ በየመናኸሪያው ይጠይቅ ጀመር። «ብቻ ያለችበትን ልወቅ፤ ሁለተኛ አትሸሽም» ይላል። ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰውም የፈራው ለዚያ ነበር።

ዘነቡ እንቅልፍ አጣች። የሚያነጋግራት ስታጣ፣ አንዲት ጎረቤቷ ልጇ በተወችላት ስልክ ላይ የአንድ ማኅበር ገጽ ከፍታ አሳየቻት። «ስመ ክርስትና ይላኩልን፣ በጸሎት እናስባለን» ይላል። ሰው በገበያ በዓለም ስሙ ይጠራል፤ በጸሎት የሚነሣው ግን ሲጠመቅ የወጣለት ስም ነው። ዘነቡም በአንድ ጣቷ እየለቀመች «ወለተ ኪዳን» ብላ ጻፈች። ለጸሎት ይኸው ይበቃ ነበር።

ገጹ ግን አልበቃውም። የዓለም ስም አለ። ስልክ ቁጥር አለ። የሚገኙበት ቦታ አለ። የሚጸለይበት ጉዳይ አለ። ከእያንዳንዱ ጎን አንዲት ቀይ ኮከብ ተቀምጣለች፤ አንዱን ባዶ ትታ ልትሄድ ስትል ገጹ ቀልቶ «ይህን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም» ይላታል። እግዚአብሔር መቼ ስልክ ቁጥር ጠይቆ ያውቃል? ዘነቡ ግን እንዲህ አላሰበችም። ጸሎቱ መንገድ እንዳይስት ፈራች። ስለዚህ ሁሉን አሳምራ ጻፈችው፦ ሰናይት ትባላለች፣ ቁጥሯ ይህ ነው፣ ያለችው በእንዲህ ያለ ከተማ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው፣ በሩ አረንጓዴ ነው፣ ከባሏ ሸሽታ ነውና ሰውሩልኝ። ገጹም «ስምዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አላት። የዚያን ዕለት ደኅና እንቅልፍ ተኛች።

ማንም ያልነገራት ነገር ነበር። ገጹ የተላከለትን ሁሉ አደባባይ ያወጣል፤ ያየ ሁሉ አብሮ ይጸልይ ተብሎ። ዘነቡ ጌሾዋን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ እንደምታሰጣው፣ የልጇም ስም ከነቁጥሩ፣ ከነወፍጮ ቤቱ፣ ከነአረንጓዴ በሩ ተሰጣ።

ብዙ ሳይቆይ የሰናይት ስልክ ይጮኽ ጀመር። አንዱ መድኃኒት አለኝ ይላታል። ሌላው ብቻሽን ነው የምትኖሪው ይላታል። «ስሜን ከየት አገኘኸው?» ስትል «ከገጹ ላይ» አላት። ሰናይት ስልኳን ዘጋች፤ በአከራይዋ በእትዬ ጥሩወርቅ በኩል ለእናቷ መልእክት ሰደደች። «ስሜን ማን እንደሰጠ ገብቶኛል። እንግዲህ አትደውይልኝ። ስሙ በቶሎ ካልተነሣ ይህንንም ቤት ለቅቄ እሄዳለሁ፤ የት እንደምሄድ ግን ለአንቺም አልነግርሽም።»

በዚያው ሳምንት ደግሞ ይርጋ የገበያውን ሰው ስልክ እየለመነ «እስቲ ሰናይት ብለህ ፈልግልኝ» እያለ መሆኑን፣ ገና እንዳልቀናውም ዘነቡ ሰማች። ይርጋ ስሙን ካገኘ ልጇን ያገኛል። ስሙ ካልተነሣ ደግሞ እሷ ልጇን ታጣለች። በየትም ቢዞር መከራው ያው ነው።

መጀመሪያ የለመነችው ገጹን ራሱን ነበር። ጓዳ ገብታ፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ የሚያጠፋ ቦታ ፈለገች። የሚያስገባ እንጂ የሚያስወጣ አልነበረውም። ላይ ስትነካው «ስም ይላኩ» ይላል፣ ታች ስትነካው «ለወዳጅዎ ያጋሩ» ይላል። «እባክህ ስሙን ልቀቀው» አለችው፣ ሰው ይመስል። ገጹ ስሙን አልለቅም አለ፤ ስሙም እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ።

ነጠላዋን አጣፍታ ገጹን ወደሚጠብቀው ወደ ዲያቆን ናሁሠናይ ሄደች። ዲያቆኑ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንዲት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ውሎ የሚያድር ትሑት ሰው ነው።

«ዲያቆን፣ ገጹ ስሙን አልለቅም አለኝ። እባክህ አንተ አንሣልኝ።»

«እማማ ዘነቡ፣ ለጸሎት የገባ ስም በእኔ ፈቃድ አይወጣም» አላት። «ዛሬ የእርስዎን ባወጣ፣ ነገ ተጣልቶ የመጣ ሰው የጎረቤቱን አውጣ ይለኛል። ሊቀ መንበሩ ይዘዙኝ፤ ያን ጊዜ እነካዋለሁ።»

«እስከዚያ ቢያገኛትስ?»

ዲያቆኑ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ ያልታዘዘውን ማድረግ ስለማያውቅ ነው። ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለ፤ ገጹ ስሙን አልለቅም አለ፤ ስሙም እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ታፈረ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ገጹን እንደ ልጅ ይወዱታል። በየስብሰባው «ይኸው ስንት ነፍስ ተመዘገበ» እያሉ ሲያስጨበጭቡ ሰንብተዋል። ዘነቡ በራቸው ላይ ቆማ ጉዳይዋን ነገረቻቸው፦ ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለኝ፣ ገጹ ስሙን አልለቅም አለኝ።

«ለጸሎት አይደለም እንዴ የሰጠሽው?» አሏት ጋሽ ታፈረ። «ጸሎት ማንን ይጎዳል?»

«ጸሎቱ አልጎዳትም፣ ጋሽ ታፈረ። የጎዳት መንደሯ መጻፉ ነው።»

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ይህን ነገር ከዚያ በፊት ያነሣባቸው አልነበረም። «ማዘዙንስ ባዘዝኩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ነገር ግን ዲያቆኑ ቢነካው ከላይ ይነሣል እንጂ ከሥር አይነሣም። ሥሩ ያለው ገጹን በሠራልን ባለሙያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ቁልፉን የያዘው እሱ ነው። በእጄ በሌለ ነገር ትእዛዝ ሰጥቼ ልዋሽሽ? ቁልፉን ይስጠኝና አዛለሁ።»

ዘነቡ እያጉረመረመች ወጣች። ሊቀ መንበሩ ዲያቆኑን አላዝዝም አሉ፤ ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለ፤ ገጹ ስሙን አልለቅም አለ፤ ስሙም እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ።

ባለሙያው በትልቁ ከተማ ነው የሚኖረው። ዘነቡ ጌሾዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ በሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ በየፌርማታው ስልክ የሚነካካ ሰው ባየች ቁጥር የልጇን ስም የሚያነብ ይመስላት ነበር። ከሕንፃው በር ላይ ጥበቃው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ከየት እንደመጣች ጠየቃት። ዘነቡ አፏን ልትከፍት አለችና ያዘች።

«ስልኬ ምን ይሠራልሃል?»

ጥበቃው እስካሁን እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ራሱን አከከና «እንጃ፣ ሁሉም ስለሚናገር ነው» ብሎ አስገባት።

ባለሙያው ሚልኪያስ ይባላል፤ ፂሙን ያሳደገ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። እሷም አንድ በአንድ ነገረችው፦ ሊቀ መንበሩ ዲያቆኑን አላዝዝም አሉኝ፤ ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለኝ፤ ገጹ ስሙን አልለቅም አለኝ፤ ቁልፉ አንተ ጋ ነው አሉኝ፤ ስጣቸው።

ሚልኪያስ ገጹን ከፈተና አነበበው። ወፍጮ ቤቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ያቺን ቀይ ኮከብ ያስቀመጥካት አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን?»

«እውነቱን ልንገርዎት፤ አስቤ አይደለም። ከዚያ በፊት ለአንድ የጫማ መደብር ገጽ ሠርቼ ነበር። ጫማ ሲታዘዝ ቤት ድረስ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ስምም ቁጥርም የቤቱም ምልክት ያስፈልጋል። ማኅበሩ ሲያዘኝ ያንኑ ገልብጬ፣ ጫማ የሚለውን ጸሎት አልኩት።»

ልጇ የሸሸችበት በር አደባባይ የወጣው በጫማ ምክንያት መሆኑን ስታስብ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት፤ ሁለቱም አልመጣላትም። «እንግዲያው አንተው አጥፋው» አለችው።

«ባጠፋው ማኅበሩ ‹ንብረታችንን ማን አጥፋ አለህ› ብሎ ይከሰኛል። ቁልፉን ብሰጥ ደግሞ ‹የሰው ምስጢር ለማን አሳልፈህ ሰጠህ› እባላለሁ። አሁን ሕግ አለ፣ እማማ። የሰውን መረጃ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ። እነሱ ይጻፉልኝ፤ ደብዳቤው እጄ በገባ ሰዓት ቁልፉን እሰጣለሁ።»

ባለሙያው ቁልፉን አልሰጥም አለ፤ ሊቀ መንበሩ ዲያቆኑን አላዝዝም አሉ፤ ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለ፤ ገጹ ስሙን አልለቅም አለ፤ ስሙም እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ጉዳዩን የያዘችው ወይዘሮ ትርሲት የምትባል ኃላፊ ናት። ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። ዘነቡ የኃላፊ ፊት ስታይ የምታውቀው ቁጣና ጥድፊያ ስለነበር፣ ይህን ዝምታ መጀመሪያ አላመነችውም። ቢሆንም ተናገረች፦ ባለሙያው ቁልፉን አልሰጥም አለኝ፤ ሊቀ መንበሩ ዲያቆኑን አላዝዝም አሉኝ፤ ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለኝ፤ ገጹ ስሙን አልለቅም አለኝ።

«እናቴ፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው» አለቻት ትርሲት። «የሰው መረጃ የሚሰበስብ ባለቤቱን አስቀድሞ ያስፈቅዳል። ለምን እንደሚወስደው ይናገራል። ለዚያ ጉዳይ ከሚያስፈልገው በላይ አይወስድም። ለጸሎት ብሎ የወሰደውን አደባባይ አያወጣም። ባለቤቱ አጥፋልኝ ሲለው ያጠፋል።»

ዘነቡ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን አሳረፈች። እንዲህ ያለ ቃል ለእሷ የሚቆም አይመስላትም ነበር። «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ። በይ ጻፊልኝ።»

«ልጽፍ ነው። ስሙ የማን ነው?»

«የልጄ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ልጅዎ ለአካለ መጠን ደርሳለች?»

«ባል አግብታ፣ ባሏን ጥላ የወጣች ሴት ናት።»

«እንግዲያው አጥፉልኝ ማለት ያለባት እሷ ናት። እሷ ካልተናገረች አልጽፍም።»

ዘነቡ ብድግ አለች። «ስሙን ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም እንዴ? አርግዤ፣ ወልጄ፣ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ታቅፌ ያስጠመቅኋት እኔ አይደለሁም?»

ትርሲት አልተቆጣችም። «ነገ አንድ ሰው እዚህ መጥቶ ‹ባሏ ነኝ፣ የት እንዳለች ንገሩኝ› ቢለኝ ምን ልበለው?»

ዘነቡ ተቀመጠች። ይህ በር ይርጋ ላይም እንደሚዘጋ ገባት። የሚከለክላትና ልጇን የሚጠብቅላት አንድ በር ነው፤ ልትረግመው አልቻለችም።

«እዚህ ድረስ ትምጣ አላልኩም» አለች ትርሲት። «የት እንዳለችም አልጠይቃትም። ገጹ ላይ ከተጻፈው ከዚያው ቁጥር ትደውልልኝና በገዛ አፏ ይነሣ ትበል። ቁጥሩ እሷ መሆኗን ይመሰክርላታል። ያን ጊዜ እጽፋለሁ።»

ዘነቡ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለእትዬ ጥሩወርቅ ደወለች። ሰናይት እዚያው ነበረች። አከራይዋ ስልኩን ብትዘረጋላትም አልያዝም አለች፤ ድምፅዋ ግን ከሩቅ ይሰማል።

«አልናገርም በያት። ስሜን ስትሰጥ አልጠየቀችኝም። አሁን ደግሞ ስሜን ለማስነሣት ስምሽን ለሌላ ቢሮ ስጪ ልትለኝ ነው? ስንት ቦታ ልጻፍላት?»

«ለአንቺው ብዬ ነው፣ ሰናይት» አለች ዘነቡ ጮክ ብላ።

«ሁሉም ለእኔ ብሎ ነው፣ እማ። ይርጋም ሲመታኝ ለእኔ ብሎ ነበር።»

ስልኩ ተቋረጠ። ዘነቡ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰው ያልፋል፣ ያገድማል፤ ማንንም አላየችም። ልጅቱ አልናገርም አለች፤ ኃላፊዋ አልጽፍም አለች፤ ባለሙያው ቁልፉን አልሰጥም አለ፤ ሊቀ መንበሩ ዲያቆኑን አላዝዝም አሉ፤ ዲያቆኑ ገጹን አልነካም አለ፤ ገጹ ስሙን አልለቅም አለ፤ ስሙም እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ።

ጥፋተኛውን ልታገኝ ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማ አሰበችው። ገጹ ነው አለች። የለም፣ ጫማውን ገልብጦ ያመጣው ባለሙያ ነው አለች። የለም፣ የሚያስጨበጭቡት ሊቀ መንበር ናቸው አለች። ሁሉንም በየተራ ኮነነቻቸው፤ ሁሉም ድርሻ ድርሻቸውን አላጡም። ግን እያንዳንዱን በኮነነች ቁጥር የትርሲት ቃል ይመጣባታል። የሚወስድ ያስፈቅዳል። ለምን እንደሚወስድ ይናገራል። ከሚያስፈልገው በላይ አይወስድም። ባለቤቱ ሲጠይቅ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ለገጹ የተነገረ መስሏት ነበር። ከገጹ በፊት ግን ከሰናይት ላይ ስሟንም፣ ቁጥሯንም፣ በሯንም የወሰደች አንዲት ሴት ነበረች፤ ያቺም ሴት አላስፈቀደችም። ዘነቡ አፈረች። እስካሁን ስትፈራና ስትናደድ ነበር የሰነበተችው፤ ማፈር ግን ገና አሁን ደረሰባት፤ ከሁለቱም ይበልጥ ከበዳት።

እንደገና ደወለች። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ እባክሽ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። አትምጣ፤ ባለችበት ትስማኝ።»

አከራይዋ እንዳለቻት አደረገች። ከስልኩ ውስጥ የወፍጮ ቤቱ ጉርምርምታ ይሰማ ነበር።

«ሰናይት፣ መልስ አልፈልግም፤ ስሚኝ ብቻ» አለች ዘነቡ። «ለገጹ የሰጠሁት የአንቺን ነው፤ የእኔ አልነበረም። ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፣ አልጠየቅኩሽም። ፈርቼ ነው የሰጠሁት። ወለተ ኪዳን ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኔ ወፍጮ ቤቱን ጨመርኩ፣ በሩን ጨመርኩ። አሁን ግን እጠይቅሻለሁ። እዚህ ያለችው ሴት የምትፈልገው ይነሣ የሚለውን ቃልሽን ብቻ ነው። የት እንዳለሽ አትጠይቅሽም፣ እኔም አልነግራትም። ለዚህ ያንን ቁጥር መክፈት ይኖርብሻል፤ እንደምትፈሪው አውቃለሁ። እምቢ ካልሽ ተነሥቼ ቤቴ እገባለሁ። ቤቱንም ከለቀቅሽ የት ሄድሽ አልልሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ወፍጮው ይፈጫል። ዘነቡ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ጠበቀች፤ ልትጨምርበት የምትችለው ብዙ ልመና አፏ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጠችው። ልጇን ሳትጎተጉት ዝም ብላ ስትጠብቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«የሴትዮዋን ቁጥር ንገሪኝ» አለች ሰናይት።

ጥቂት ቆይቶ የትርሲት ስልክ ጮኸ። ትርሲት ቁጥሩን ገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያየችና አነሣችው። ሰናይት የዘጋችውን ስልክ ስትከፍተው፣ ያ ሁሉ ሰንብቶ የተከማቸ የማያውቋት ሰዎች መልእክት ተራ በተራ እየጮኸ ይገባ ነበር፤ ከድምፅዋ ሥር ይሰማል። እሷ ግን አልዘጋችውም። እስኪያልቅ ጠበቀችና ተናገረች።

«ሰናይት እባላለሁ። ስሙ የእኔ ነው። ሲወጣ አልፈቀድኩም። ይነሣ።»

«ይበቃኛል» አለች ትርሲት። ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም።

በዚህ ጊዜ ሰንሰለቱ ተፈታ። ልጅቱ ቃሏን ሰጠች፤ ኃላፊዋ ደብዳቤውን ጻፈች፤ ዘነቡም ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ አድርጋ ሮጠች። ኃላፊዋ ብትጽፍ ባለሙያው ቁልፉን ሰጠ፤ ከእሷው ጋር ተሳፍሮ ደጋው ድረስ ወጣ። ባለሙያው ቁልፉን ቢሰጥ ሊቀ መንበሩ ዲያቆኑን አዘዙ፤ ጋሽ ታፈረ ትእዛዙን የሰጡት ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር። ሊቀ መንበሩ ቢያዝዙ ዲያቆኑ ገጹን ነካ፤ ከላይም ከሥርም። ዲያቆኑ ቢነካ ገጹ ስሙን ለቀቀ። ስሙም ከፀሐይ ተነሣ፤ ወፍጮ ቤቱም፣ በሩም፣ ቁጥሩም አብረው ተነሡ።

ሚልኪያስ በመጣበት እጁ ቀይ ኮከቦቹን ነቃቀላቸው። ደብዳቤው እሱንም አዝዞት ነበር፤ ባያዘውም ግን ያደርገው እንደነበር ፊቱ ይናገራል። የሌሎቹንም ሰዎች ዝርዝር ከአደባባይ አወረደው። ዛሬ ያ ገጽ የሚጠይቀው ስመ ክርስትናን ብቻ ነው፤ የተላከለትንም ለማንም አያሳይም። ጋሽ ታፈረ በስብሰባ ላይ የሚያስጨበጭቡበት አጡ፤ ትንሽ ከፋቸው፣ ከዚያ ተዉት።

ይርጋ መፈለጉን ተወ ብዬ አላታልላችሁም። በሚቀጥለው ገበያ የሰው ስልክ ለምኖ «ሰናይት ብለህ ፈልግልኝ» ብሏል። ባለስልኩ ፈልጎ ፈልጎ «የለችም» አለው። ይርጋም ስልኩን መልሶ ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ እዚያም የለችም ተባለ። በቆላው ከተማ እትዬ ጥሩወርቅ ቀለም ገዝታ አረንጓዴውን በር ቡናማ ቀባችው። ሰናይት አሮጌውን ቁጥር አውጥታ ጣለች፤ ቤቱን ግን አልለቀቀችም።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ዘነቡ ጌሾዋን ከፀሐይ ስታነሣ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። አነሣችው።

«እማ፣ አዲሱ ቁጥሬ ይኸው። ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለማን ብዬ» አለች ዘነቡ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች። ልትጠይቅ የፈለገችው ነገር ነበር፤ ስሙ ከተነሣ ወዲህ አፏ ላይ ሲመጣ እየመለሰችው ነው የሰነበተችው። «ሰናይት፣ አንድ ነገር ላስፈቅድሽ ነበር።»

«ምን?»

«በጸሎት ስምሽን ላንሣው?»

ከሰናይት በስተጀርባ ወፍጮው ይፈጫል።

«ጥሪኝ፣ እማ» አለች። «ቀስ ብለሽ ጥሪኝ።»

ዘነቡ ስልኩን ዘጋች። ጌሾውን እንደያዘች ግቢው መሃል ቆመችና፣ ከራሷ ጆሮ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ ወለተ ኪዳን አለች።

ተረቴን መልሱልኝ አልላችሁም፤ ወስዳችሁ ለወደዳችሁት አውሩት። የሰው ስም ግን በእጃችሁ ካለ ለባለቤቱ መልሱ።